የሌሊት ጎረቤቶቻችንን እንወቃቸው፤ አንንካቸው፤ አናጥፋቸውም

(በካፋ ዞን ደካ ለአጥቢያ ካህናት፣ ለአገር ሽማግሌዎችና ለሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶች በተዘጋጀው የምሽት የተፈጥሮ ጉብኝት ማግስት የቀረበ ንግግር)

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።



ትናንት ማታ በጫካው ዳር ቆመን በጨለማ ያየነውንና የሰማነውን ዛሬ በቀን ብርሃን ደግመን እንድናስበው እግዚአብሔር ስለ ፈቀደልን ስሙ የተመሰገነ ይሁን። ዐቢይ ጾም ሊገባ ጥቂት ቀናት ብቻ በቀሩበት በዚህ ወቅት የቤታችሁን ጉዳይ ትታችሁ፣ እኩሌቶቻችሁም ረጅም መንገድ በእግር ተጉዛችሁ ስለ መጣችሁ በልማት ኮሚሽናችን ስም ምስጋናችንን እናቀርባለን።

ይህ መርሐ ግብር የተዘጋጀበት ምክንያት ከማናችንም የተሰወረ አይደለም። በኅዳር ወር 2018 ዓ.ም. ከእኛ በስተ ደቡብ በምትገኘው በጂንካ ከተማ የማርበርግ በሽታ መከሠቱን የጤና ሚኒስቴር ካረጋገጠ ወዲህ፣ የሌሊት ወፍ ስም በየቤቱና በየገበያው በፍርሃት ሲነሣ ሰምተናል። ከአንዳንድ አጥቢያዎችም ጥያቄ ደርሶናል። «ዋሻውን በእሳት ብናቃጥለው ምን ይላችኋል?» «በቤተ ክርስቲያኑ ጣሪያ ሥር የሠፈሩትን በጭስ እንጨርሳቸው ወይ?» «የሚያድሩበትን ሾላ እንቁረጠው ወይ?» የሚሉ ናቸው። እነዚህ ጥያቄዎች ከክፋት የመነጩ አይደሉም፤ ልጆቹን ከሚወድ አባት፣ ምእመናኑን ከሚጠብቅ ካህን አንደበት የወጡ ናቸው። ስለዚህም በችኮላ ሳይሆን በዕውቀት ሊመለሱ ይገባል።

ወደ መልሱ ከመግባታችን በፊት ግን የራሳችንን ስሕተት ልንናገር ይገባናል። ከጥቂት ዓመታት በፊት በሌላ አካባቢ በሥራ ላይ ሳለን፣ በአንድ የገጠር ቤተ ክርስቲያን ጣሪያና ኮርኒስ መካከል የሌሊት ወፎች ሠፍረው ሽታቸውና ኩሳቸው ካህናቱን አስቸግሮ ነበር። ምክር ስንጠየቅ፣ ሳንመረምርና ሳንጠይቅ «በበርበሬ ጭስ አስወጧቸው» አልን። እንደ ምክራችንም ተደረገ። በማግስቱ ጠዋት ተመልሰን ስንሄድ፣ ገና ፀጉር ያላበቀሉ ግልገሎች ከኮርኒሱ ሥር ወድቀው፣ የመንደሩ ልጆችም በባዶ እጃቸው እያነሡ ሲጫወቱባቸው አገኘናቸው። ሌሎቹ ግልገሎች እዚያው ጣሪያው ውስጥ ሞተው ነበርና የነበረው ሽታ በብዙ እጥፍ ጨመረ። ሳምንት ሳይሞላም ትልልቆቹ ተመልሰው ገቡ። ከአደጋ እንጠብቃቸዋለን ያልናቸውን ልጆች ለአደጋ ያቀረብናቸው እኛው ነበርን። ዛሬ በፊታችሁ የቆምነው ይህን ስሕተት ሌላ አጥቢያ እንዳይደግመው ነው።

ትናንት ማታ ምን አየን?

በጉብኝቱ ያልነበራችሁ እንድትካፈሉ፣ የነበራችሁም እንድታስታውሱ በአጭሩ እንተርክላችሁ። ልክ ከምሽቱ 12 ሰዓት ሲሆን በጫካው ዳር ተሰበሰብን። አስጐብኚያችን የዚሁ አገር ልጅ ሲሆን፣ ገና ሳንንቀሳቀስ ሦስት ትእዛዝ ሰጠን፦ ማንም ሰው ምንም እንስሳ እንዳይነካ፤ ማንም ወደ ዋሻም ሆነ ወደ ዛፍ ሽንቁር እንዳይገባ፤ መብራትም ቢያስፈልግ ፊቱ በቀይ ላስቲክ የተሸፈነው የእርሱ ባትሪ ብቻ እንዲበራ። ከዚያም ዝም ብለን ቆምን።

ፀሐይ ገብታ ሰማዩ ገና ሳይጠቁር ትንንሾቹ ወጡ። እንደ ወፍ ቀጥ ብለው አይበሩም፤ ይታጠፋሉ፣ ይጠመዘዛሉ፣ ወዲያው ይሰወራሉ። በጆሯችን የሰማነው ነገር አልነበረም። አስጐብኚያችን በእጁ የያዘውን ትንሽ መሣሪያ ሲከፍተው ግን ዝም ያለ የመሰለን አየር በድምፅ የተሞላ ሆኖ ተገኘ። የሰው ጆሮ ሊሰማ የሚችለው በሰከንድ እስከ 20,000 ጊዜ የሚርገበገብ ድምፅን ነው፤ የእነዚህ የሌሊት ወፎች ጩኸት ግን በአብዛኛው ከዚያ በላይ ነው። መሣሪያው ያንን ድምፅ ዝቅ አድርጎ ለእኛ ጆሮ ያደርሰዋል። መጀመሪያ «ጥቅ፣ ጥቅ፣ ጥቅ» ይል የነበረው ድምፅ በድንገት ተፋጠነና «ትርርር» ብሎ ቆመ። «አሁን አንዲት የእሳት ራት ተበላች» አለን። የሌሊት ወፏ ጮኻ የራሷን የገደል ማሚቶ ታዳምጣለች፤ ድምፁ ከነፍሳቱ ክንፍ ተመልሶ ሲመጣ ርቀቱንና አቅጣጫውን ታውቃለች፤ ስትቀርብም ጩኸቷን ታፋጥናለች። በድቅድቅ ጨለማ ከቅጠል ጋር ሳትጋጭ የምትበረው በዚህ ጸጋ ነው።

ሲመሽ ወደ ሾላው ዛፍ ተጠጋን። በዚያ የነበሩት ፍሬ በሎቹ ናቸው፤ አካላቸው ተለቅ ያለ፣ ዓይናቸው ጎላ ያለ፣ ፊታቸውም የውሻ ቡችላ የሚመስል። ከዛፉ ውስጥ በየተወሰነ ጊዜ የሚደጋገም፣ ከእንቁራሪት ጩኸትና ከትንሽ ደወል መካከል ያለ ድምፅ ይሰማ ነበር። ይህ ወንዱ ሴቲቱን የሚጠራበት ድምፅ መሆኑን ሲነግረን፣ አብረውን የነበሩት አረጋዊ መሪጌታ ራሳቸውን ነቅንቀው፦ «ለማኅሌት በሌሊት ስንነሣ ይህን ድምፅ ስንት ዘመን ሰማነው! ሁልጊዜ እንቁራሪት ይመስለን ነበር» አሉ። ሁላችንም ሳቅን፤ ነገር ግን ንግግራቸው በልባችን ቀረ። አብሮን ሲኖር ዘመናት ያለፉትን ጎረቤት ስሙን እንኳ አናውቀውም ነበርና።

ወፍም አይጥም ያልሆነች ፍጥረት

በተረታችን የሌሊት ወፍ ወፎች ግብር ሲጠይቋት «አይጥ ነኝ» ብላ ጥርሷን፣ አይጦች ሲጠይቋት ደግሞ «ወፍ ነኝ» ብላ ክንፏን የምታሳይ አታላይ ተደርጋ ትነገራለች። እውነቱ ግን ሁለቱንም አይደለችም። ከጡት አጥቢዎች ወገን ስትሆን፣ ከእነርሱም መካከል በራሷ ክንፍ በእውነት የምትበር እርሷ ብቻ ናት። ክንፏ ላባ ሳይሆን በረጃጅም ጣቶቿ መካከል የተዘረጋ ስስ ቆዳ ነው። ግልገሏን ወልዳ ጡት ታጠባለች። በዓለም ላይ ከ1,400 በላይ፣ በአገራችንም ከ70 በላይ የሌሊት ወፍ ዓይነቶች ይታወቃሉ።

አንድ ነገር በተለይ ልብ እንድትሉልን እንሻለን። አይጥ በአንድ ጊዜ ብዙ ትወልዳለች፤ የሌሊት ወፍ ግን አብዛኛውን ጊዜ በዓመት የምትወልደው አንድ ግልገል ነው። ዕድሜዋም ከአካሏ ጋር ሲነጻጸር እጅግ ረጅም ነው፤ በሳይቤሪያ ምልክት ተደርጎባት የተለቀቀች አንዲት ትንሽ የሌሊት ወፍ ከ41 ዓመት በኋላ በሕይወት ተገኝታለች። እንግዲህ በአንድ ሌሊት እሳት የጠፋ መንጋ በአንድና በሁለት ዓመት የሚተካ አይደለም።

ከጉብኝቱ ስንመለስ አንድ ወጣት፦ «በኦሪት ዘሌዋውያን ርኩስ ተብላ ተቈጥራ የለም ወይ?» ብሎ ጠይቆን ነበር። መልካም ጥያቄ ነው። በምዕራፍ 11 እስራኤል እንዳይበሏቸው ከተከለከሉት መካከል ተቈጥራለች። ይሁን እንጂ ሕጉ እንዳትበላ አዘዘ እንጂ ከምድር ገጽ እንድትጠፋ አላዘዘም። ንስርና ሽመላም በዚያው ዝርዝር ውስጥ ይገኛሉ፤ ስለዚህ ብሎ ንስርን ያሳደደ ማንም የለም። በአራተኛው መቶ ክፍለ ዘመን የነበረው የቂሣርያው ሊቅ ቅዱስ ባስልዮስ ስለ ስድስቱ ቀናት ፍጥረት በሰበከው ስብከት የሌሊት ወፍን አንሥቶ፣ ጥርስ ያላት፣ እንደ እንስሳት የምትወልድ፣ በቆዳ ክንፍ የምትበር መሆኗን ከገለጸ በኋላ፣ አንዷ ከሌላዋ ጋር ተያይዛ እንደ ሰንሰለት መንጠልጠሏን አይቶ፣ እንዲህ ያለው መያያዝ በሰዎች ዘንድ እንዴት እንደ ከበደ ያስተምርበታል። እኛ የምንጸየፋትን ፍጥረት ሊቁ የአንድነት መምህር አድርጎ አቀረባት።

ለጫካውና ለቡናው ያላት ድርሻ

የካፋ ደን በ2002 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራ ሆኖ ሲመዘገብ፣ ስፋቱ ከ760,000 ሄክታር በላይ የሆነ ምድር ከነሕዝቡ፣ ከነእርሻውና ከነደኑ የዓለም ቅርስ ጠባቂዎች ዓይን ያረፈበት ሆነ። በ2007 ዓ.ም. ናቡ የተባለው የጀርመን የተፈጥሮ ጥበቃ ማኅበር ከአገራችን ባለሙያዎች ጋር በመሆን የዚህን ደን ሕያዋን ፍጥረታት ባስጠናበት ጊዜም፣ ከዕፀዋት፣ ከወፎችና ከነፍሳት ጋር የሌሊት ወፎችም በመረብና በድምፅ መቅጃ ተጠንተዋል። ይህ ጥናት የተደረገው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ደኑ ያለ እነርሱ ሙሉ ስላልሆነ ነው።

ትናንት ያየነው ፍሬ በል የሾላውን ፍሬ ከዛፉ ቀጥፎ ወደ ሌላ ዛፍ ወስዶ ይበላል፤ ዘሩንም እየበረረ ይጥለዋል። ወፎች በቀን፣ እርሱ በሌሊት ይዘራሉ። በተራቈተ መሬት ላይ ማንም ሳይተክለው የበቀለ ሾላ ስታዩ፣ ያለ ደመወዝ የሚሠራ የችግኝ ሠራተኛ በዚያ እንዳለፈ እወቁ። በልማት ሥራችን ለአንድ ችግኝ ማፍያ፣ ማጓጓዣና መትከያ ስንት እንደምናወጣ የምናውቅ እኛ፣ ይህን ሥራ ልንንቅ አንችልም።

ነፍሳት በሎቹም ለገበሬው ወገን ናቸው። አንዲት ትንሽ የሌሊት ወፍ በአንድ ሌሊት የክብደቷን እኩሌታ ያህል ነፍሳት ልትበላ ትችላለች፤ የምታጠባ እናት ደግሞ ከዚያም በላይ። ቡና ለእኛ ሕይወት ነውና አንድ ምሳሌ ከሌላ አገር እናምጣ። በታንዛኒያ በኪሊማንጃሮ ተራራ ግርጌ ተመራማሪዎች አንዳንድ የቡና ተክሎችን ወፍና የሌሊት ወፍ እንዳይደርሱባቸው በመረብ ከለሏቸው፤ ሌሎቹን ክፍት ተዉአቸው። እ.ኤ.አ. በ2014 በታተመው ውጤት መሠረት ክፍት በተተዉት ላይ ፍሬ የያዘው አበባ በ9 በመቶ በልጦ ተገኘ። በቡና የሚተዳደር ቤተሰብ 9 በመቶ ማለት ምን እንደሆነ ያውቃል፤ የአንድ ልጅ ደብተርና የደንብ ልብስ ሊሆን ይችላል።

ከሩቅ አገር የመጣው ምስክርነት ደግሞ ይበልጥ ያስደነግጣል። በሰሜን አሜሪካ ከ2006 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አንድ የፈንገስ በሽታ በሚሊዮን የሚቈጠሩ የሌሊት ወፎችን ፈጀ። እ.ኤ.አ. በ2024 ይፋ የሆነ ጥናት እንዳመለከተው፣ የሌሊት ወፎች በጠፉባቸው ወረዳዎች ገበሬዎች የሚረጩት የተባይ መድኃኒት በ31 በመቶ ገደማ ጨመረ፤ በእነዚያው ወረዳዎች በአደጋ ምክንያት ያልሆነ የሕፃናት ሞትም በ8 በመቶ ገደማ ከፍ አለ። እንግዲህ አንድ የማናያት ፍጥረት ስትጐድል ጉድለቱ ዞሮ ዞሮ ወደ ሕፃን አልጋ ይደርሳል ማለት ነው።

ስለ በሽታውስ?

አንዳንዶቻችሁ «ይህ ሁሉ መልካም ነው፤ ማርበርግስ?» እንደምትሉ እናውቃለን። አደጋውን ልንሸፋፍነው አንወድም። የማርበርግ ቫይረስ መኖሪያ በዋሻዎችና በማዕድን ጉድጓዶች በብዛት የሚያድረው፣ የግብፅ ፍሬ በል ተብሎ የሚጠራው የሌሊት ወፍ መሆኑ ተረጋግጧል። ሰው በመጀመሪያ የሚያዘው በአብዛኛው እንዲህ ባለ ዋሻ ውስጥ ለረጅም ጊዜ ሲቆይ ነው፤ ከዚያ በኋላ በሽታው ከሰው ወደ ሰው የሚተላለፈው በታመመ ወይም በሞተ ሰው ደምና የሰውነት ፈሳሽ ነው። ስለዚህ ከሰማይ በላያችን ያለፈች የሌሊት ወፍ በሽታ ጥላ አታልፍም፤ ዓይነቶቹም ሁሉ አንድ አይደሉም።

ታዲያ ማጥፋቱ መፍትሔ አይሆንም ወይ? ይህን የሞከሩ አሉ። በኡጋንዳ ኪታካ በሚባል የማዕድን ጉድጓድ በ2007 እ.ኤ.አ. ሠራተኞች በማርበርግ ተያዙ። ከዚያ በኋላ በጉድጓዱ ውስጥ የነበሩት የሌሊት ወፎች ተፈጁ። የሆነው ግን እንደታሰበው አልነበረም። በ2012 እ.ኤ.አ. ከዚያው ብዙም በማይርቅ ከተማ በሽታው እንደገና ተነሣ። ተመራማሪዎች ወደ ጉድጓዱ ሲመለሱ የሌሊት ወፎች እንደገና ሠፍረውበት አገኙ፤ በመጀመሪያ ሲመረመሩ ቫይረሱ የተገኘባቸው 5 በመቶ ያህል የነበሩ ሲሆን፣ አሁን 13 በመቶ ያህል ሆነው ነበር። የቀደሙት ሲጠፉ ስፍራውን በሽታው ያላለፈባቸው አዳዲሶች ያዙት፤ በሽታውም በእነርሱ መካከል ይበልጥ ተስፋፋ። የፈጀው ሰው የበለጠ አደጋ አተረፈ። እኛ በዚያች የገጠር ቤተ ክርስቲያን በጭስ ያደረግነውም በትንሹ ይኸው ነበር።

እንግዲህ የሚጠብቀን እሳት ሳይሆን ርቀት ነው። ኦሪት ያዘዘው አለመብላትና ዛሬ የጤና ባለሙያ የሚመክረው አለመንካት፣ ምክንያታቸው ቢለያይም ሁለቱም ለእርሷ የራሷን ስፍራ፣ ለእኛም የራሳችንን ይተዋሉ።

በየአጥቢያችን ምን እናድርግ?

አባቶችና ወንድሞች፤ ከዚህ ስትመለሱ ይዛችሁ የምትሄዱት እነዚህን ምክሮች ነው።

አንደኛ፣ የሌሊት ወፎች ወደሚያድሩበት ዋሻ ልጆችም ሆኑ ዐዋቂዎች አይግቡ። በዋሻ ሱባኤ የሚይዙ አባቶች ካሉም የሌሊት ወፍ የሌለበትን ስፍራ ይምረጡ፤ ይህን በትሕትና እንለምናለን።

ሁለተኛ፣ ሕያውም ሆነ የሞተ የሌሊት ወፍ በባዶ እጅ አይነካ። የወደቀ ቢገኝ በአካፋ ተነሥቶ ይቀበር። የነከሰችው ሰው ቢኖር ቍስሉን ወዲያው በውኃና በሳሙና 15 ደቂቃ ያህል ይታጠብና ሳይውል ሳያድር ወደ ጤና ተቋም ይሂድ፤ የእብድ ውሻ በሽታ መከላከያ ክትባት ሊያስፈልገው ይችላልና። ጸበሉንም ጸሎቱንም ከሕክምናው ጋር ያድርግ እንጂ አንዱን በሌላው አይተካ።

ሦስተኛ፣ በዛፍ ላይ ወይም መሬት ወድቆ ተነክሶ የተገኘ ፍሬ አይበላ። ያልተነከሰውም ታጥቦ ይበላ።

አራተኛ፣ በቤተ ክርስቲያን ጣሪያ ሥር ከሠፈሩ በጭስና በመርዝ አይነኩ። ግልገሎቹ አድገው መብረር እስኪችሉ ይጠበቅ። ከዚያም ማታ ሁሉም ለምግብ መውጣታቸው ሲረጋገጥ ቀዳዳው በቆርቆሮ ወይም በወንፊት ሽቦ ይዘጋ። አስቀድሞ ባለሙያ ማማከር ይበጃል። ኩሱን የሚጠርግ ሰው አፍና አፍንጫውን ሸፍኖ፣ ጓንት አድርጎ፣ አቧራው እንዳይነሣ ውኃ ረጭቶ ይጥረግ።

አምስተኛ፣ በቤተ ክርስቲያናችን ቅጥር ያሉትን ሾላዎች፣ ዋርካዎችና ባለ ሽንቁር አሮጌ ዛፎች አንቁረጥ። በጫካ ማደሪያ ያጣ የሌሊት ወፍ ወደ ጣሪያችን ይመጣል። የቤተ ክርስቲያን ደን ለእርሷ መኖሪያ ሲሆን፣ ለእኛም ከእርሷ የምንለይበት አጥር ነው።

የተወደዳችሁ፤ አባቶቻችን ሌሊቱን በሁለት መንገድ ያውቁታል። አንደኛው የፍርሃት ሌሊት ነው፤ ሁለተኛው የማኅሌት ሌሊት ነው። ትናንት በሾላው ሥር በቆምን ጊዜ ፍርሃታችን ጥቂት በጥቂት ሲለቀን ተሰምቶናል። ያ መሣሪያ ሲከፈት የሰማነው ድምፅ ከእኛ መምጣት በፊትም ነበረ፤ ከሄድን በኋላም ቀጥሏል። እኛ ስንተኛ የሚነሡ፣ እኛ ስንነሣ የሚያርፉ የእግዚአብሔር ፍጥረታት በአንድ ደን አብረውን ይኖራሉ። ሠለስቱ ደቂቅ በእቶኑ ውስጥ ሆነው የሰማይ ወፎችን፣ አራዊትንና እንስሳትን ሁሉ ለምስጋና ሲጠሩ ይህችን ከሁለቱም ወገን የመሰለች ፍጥረት ለይተው አላስቀሩአትም።

መሪጌታችን ዛሬ ጠዋት ወደዚህ ስንመጣ በመንገድ ላይ እንዲህ ብለውናል፦ «ከእንግዲህ ለማኅሌት ስነሣ ያንን ድምፅ ብሰማ፣ እነርሱም ነቅተዋል እላለሁ።» እኛም ከዚህ የተሻለ መደምደሚያ አላገኘንም።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።